የአንገት ልክ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጆሆር ባሕሩ ከድልድዩ ዳር፣
ሸሚዝ ሸጥኩ፤ ሜትሬ አንገቴ ላይ፣ ዓይኔ ከሰው ትከሻ ጋር።

አንዲት ሴት ገባች፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ዝናቡን ከኋላ አስከትላ፣
ፌስታል እንደ ሻሽ አናቷ ላይ አጥልቃ፣ ነጠላ ጫማዋን በእጅ አንጠልጥላ።
«ነጭ ሸሚዝ፣ እጀ ሙሉ፣ ለልጄ» አለችኝ፣ ሳትቀመጥ።
«የአንገቱ ልክ ስንት ነው?» አልኳት፣ መሰላል ላይ ሆኜ ካርቶን ሳገላብጥ።
ለሙሽራም ለባንክ ጸሐፊም ያው ነው የምለው፤
የሥራ ቃል ነው፤ ክፉም ደግም የሌለው።

መልስ የለም። ሁለት መዳፏን አንስታ አየር ላይ ክብ ሠራች፣
አጠበበች፣ አሰፋች፣ ደግማ አጠበበች።
«ዘጠኝ ዓመት አልነካሁትም፤ በመስታወት ነው የማየው፤
መስታወት ሰው ያከሳል ወይስ ያወፍራል? ነጋዴ ነህ፣ አንተ ነህ የምታውቀው።»

ስሟ ሙኒያማ ነው። ዕድሜዋን የጎማ ዛፍ ስትበጣ፣
ጣቶቿ ቅርፊት መስለው፣ ነጩ ወተት ከጥፍሯ ሥር ላይወጣ።
ልጇ ታናባላን ሞተር ነበረው፤ ሌሊት በአሥር ሰዓት ይነሳል፣
ድልድዩን ይሻገራል፣ የሰው አገር ሕንፃ ወለል ይወለውላል።
«አንገት ማስገቢያ ልሥራልሽ እማ፣ ይሄ ቆርቆሮ ያፈስሳል፣ ይለኝ ነበር» አለች፤
«አንገት ማስገቢያ...»
ደገመችው፤ ሰማችው፤ ዝም አለች።

ከኮርቻው ሥር ጥቅል ተገኘ።
«አደራ ነው፣ አልፈታሁትም» ሲል ለፖሊስ ተናገረ፤
ሚዛኑ አፍ አውጥቶ መሰከረ፤ የልጁን ቃል የሚመዝን ግን አልነበረ።
ደብዳቤው ዛሬ ደርሷታል፤ የፊታችን ዓርብ፣ ጎህ ሲቀድ፤
ፎቶ ይነሳል ረቡዕ፤ ቤተሰብ ደህና ልብስ ይዞ ይሂድ።

እኔ ልዋሽ አልችልም። ያ ዱቄት የወንድሜን ልጅ በልቶታል፤
መርፌው ክንዱ ላይ እንደተሰካ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ እጄ ያውቀዋል።
ሻይ ቤት ጋዜጣ ዘርግቼ «ይሰቀሉ!» ብዬ ጠረጴዛ መትቻለሁ፣
ብርጭቆ አዝልያለሁ፣ ያጨበጨቡልኝን አመስግኛለሁ።
ዛሬ ያን ቃሌን ልብላው ብል ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፤
ልትፋው ብል የዚያ ልጅ ክንድ ታየኝ፤ እንደጠቆረ፣ እንዳበጠ፣ እንደታመመ።

«አርባ አምስት ሪንጊት» አልኳት። «አርባ» አለች። ተከራከረች፤
ጨርቁን በብርሃን አየች፣ ስፌቱን ሳበች፣ ቁልፎቹን ቆጠረች።
ሁለት ሪንጊት ቀነስኩላት። በነፃ ውሰጂ ማለት አቃተኝ፤
በነፃ የሚሰጥ ነጭ ጨርቅ መግነዝ መሰለኝ።

«ካልሆነውስ?»
ደረሰኙን አዞርኩላት። «በሰባት ቀን ውስጥ ይመለሳል» ይላል ማኅተሙ፤
እኔው ነኝ ያስቀረጽኩት፤ ቀይ ነው ቀለሙ።
ሁለታችንም አነበብነው።
ሁለታችንም፣ ከንፈር ሳናንቀሳቅስ፣ በጣት ቆጠርነው።

በዚያ ዓርብ ጎህ ሳይቀድ ነቃሁ፤ ለምን እንደሆነ አልተናገርኩም፤
ሚስቴ «አመመህ?» አለችኝ። «አላመመኝም።»

ቅዳሜ መጣች። ሸሚዙ ፌስታል ውስጥ ነው፤ እንደ አዲስ የታጠፈ፤
«ለገንዘቡ አይደለም የመጣሁት፤ ቀኑም አለፈ።»
ፎቶውን ባንኮኒው ላይ አኖረች። ልጇ ቆሟል፤ ፈገግ ብሏል፤
ጸጉሩን በውሃ አስተኝቷል፤ የላይኛዋን ቁልፍ ሳይቀር ቆልፏል፤
በኮሌታውና በቆዳው መሃል ግን ሁለት ጣት ይገባል።
«ሰፍቶታል፣ አየህ?» አለች። «አንድ ቁጥር ዝቅ ማለት ነበረብን።»
«አዎ» አልኳት። «አንድ ቁጥር።»
ሸሚዙን ትታልኝ፣ ፎቶውን ይዛ ሄደች፤
በር ላይ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አጠለቀች።

ከሰዓት አንድ ወጣት ገባ፤ ሊያገባ ነው፤ ያፏጫል።
«ነጭ፣ እጀ ሙሉ» አለኝ። ሜትሬን ዘረጋሁ፣
ትከሻውን ለካሁ፣ ክንዱን ለካሁ፣ ደረቱን ለካሁ፤
የቀረውን በዓይኔ ገመትኩ።